የጋሼ ግራ እጅ

ጥቅምት 9 ቀን

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአንቺንና የባለቤትሽን የጋሼን ጤና፣ የቤቱንም ሰላም እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው አሳንሰር መጠገን ነው፤ ሰው ደረጃ መውጣት እስካልወደደ ድረስ ሥራ አይጠፋም።

ይህን የምጽፍልሽ ግን አንጀቴ አርሮ ነው። የኮንሰርቱ የድምፅ ቅጂ ደረሰን። «የጋራዡ ልጆች» ያን ሁሉ ዘመን ተበትነው ከርመው እንደገና አብረው መድረክ ላይ ወጡ ሲባል፣ እዚህ ካለነው አድናቂዎች መካከል ያለቀሰም ነበር። ፋርማሲ ያለው ወዳጃችን የመድኃኒት ካርቶኖቹን ወደ ጥግ ገፍቶ ጓዳውን ለቀቀልን። ወንበር ከየቤታችን ተሸክመን ሄድን። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፤ የኦርጋኒስቱ የጋሼ ወንድም ነኛ፣ ቦታዬን ማንም አይነካብኝም።

የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ደህና ናቸው። ጣታቸው ትንሽ ከብዷል፤ ይሁን፣ የማን አልከበደም። ከዚያ «ረጅሙ» መጣ። አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ግን ተናድጄአለሁና ከሥሩ ልጀምርልሽ። ዜማውን አንድ ጊዜ ይጫወቱታል፤ ከዚያ ይተዉትና እያንዳንዱ ወደፈለገበት ይሄዳል። ጊታሩ ይሄዳል፣ ሳክስፎኑ ይከተለዋል፣ ድራመሩ ዱብዳ ከኋላ ያባርራቸዋል። ሰው በቃ ጠፉ፣ አለቀላቸው ሲል፣ ጋሼ ግራ እጁን ከኦርጋኑ ላይ ከፍ ያደርጋል። እጁ ሲወርድ አምስቱም በአንድ ምት ዜማው ላይ ያርፋሉ። እኛ የምንሄደው ለዚያ ነበር። ልጅ ሆኜ ገመድ እየተሸከምኩ ስከተላቸው፣ ያቺ እጅ እስክትነሳ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምጠብቀው።

አሁን አልተነሳችም። ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ መጨረሻ ላይ ዱብዳ ድራሙን ደብድቦ አቆመው። ዜማው ሳይመለስ ቀረ። ይባስ ብሎ መሀል ላይ አንዲት ሴት በማይክ ታንሾካሹካለች፦ «ግራ እጅህ… ግራ እጅህን አንሳ» እያለች፣ እንደ ቲያትር። በኛው እጅ በኛው ላይ መሳለቅ ማለት ይህ ነው።

ባለፋርማሲው ታዲያ ተነስቶ አጨበጨበ። «ነፃነት ማለት ይህ ነው፤ ወደ ቤት መመለስ ግዴታ ነው ያለው ማነው?» አለ። ተጣላን። አሁን ለሁለት ተከፍለናል፤ እኛ ተመላሾች እንባላለን፣ እነሱ ሂያጆች። በኢንተርኔት ሬዲዮ በየሳምንቱ በማቀርበው ፕሮግራም ላይ ያለኝን ሁሉ ተናግሬአለሁ፤ ወንድሜ ነው ብዬ አልሸሸግሁም።

እባክሽ፣ ለምን እንደዚህ እንዳደረገ ጠይቂልኝ። አንድ የምሥራች ደግሞ አለ፤ ወደዚህ ልናስመጣቸው አዳራሽ እየፈለግን ነው። ጋሼን በኔ ስም አቅፈሽ ሳሚልኝ። የቤታችሁ በር ለደግ ነገር ብቻ ይንኳኳ።

ወንድምሽ


ኅዳር 6 ቀን

ለውድ ዋርሳዬ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ባለህበት ሁሉ ጤናህ ይጠበቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ይህን የምጽፍልህ ከልብስ ስፌት ሱቄ ነው። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ሆቴል መጋረጃ ተዘርግቶ፣ እኔ ጫፉ ላይ ወረቀት አስቀምጬ እጽፋለሁ። ቤት ውስጥ መጻፍ አልተመቸኝም።

ኮንሰርቱ መልካም ነበር። ሰው ቆሞ ነው ያጨበጨበው። ወንድምህም ደስ ብሎት ነበር፤ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተኛ። እዚህም እንደናንተው ጭቅጭቅ ነው። በቀደም ታክሲ ውስጥ አንዱ «ሽማግሌዎቹ ዘፈኑን ረሱት» ሲል፣ አጠገቡ ያለው «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ሆን ብለው ነው» ብሎ ተቆጣው። መጨረሻውን ልስማ ብዬ መውረጃዬን አለፍኩ። ከሁለቱ የትኛው እንዲያሸንፍ እንደምፈልግ ግን ለራሴም አልገባኝ አለ።

ጠይቂልኝ ያልከውን ጠየቅኩት። ሳቀ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ስለሱ በሬዲዮ አትናገር። ፕሮግራምህን ከፍቶ ያዳምጥሃል፤ ሲያልቅም ተነስቶ ኦርጋኑን በጨርቁ ይሸፍናል። ድሮ የአንተ ድምፅ ሲመጣ ጎረቤት ይጠራ ነበር። የፈለግከውን ውደድ፣ የፈለግከውን ጥላ፣ ግን በአደባባይ ወንድምህን እንደ አላፊ አግዳሚ አታድርገው።

ሌላው፣ ጋራዡ ውስጥ የቀዳኸው አሮጌ ካሴት አንተ ጋ አለ። «ረጅሙ» ከነመመለሱ ያለበት። ግልባጩን በሰው እጅ ላክልኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ናፍቆኝ ነው።

እንቅልፍህ ጣፋጭ፣ መንገድህ ቀና ይሁን።

እህትህ


ኅዳር 27 ቀን

ለማከብርሽ እትዬ፣

ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛ። ካሴቱን ገልብጬ አብሮኝ ለሚሠራ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ ይደርስሻል። እዚያ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ጋሼ «ያ ልጅ ገመዱን ረገጠው» ብሎ ሲጮህብኝ ይሰማል። ያ ልጅ እኔ ነኝ።

«አትናገር» ያልሽኝ ቅር አሰኝቶኛል። ለሌላው ባንድ የማልምረውን ለወንድሜ ብምር፣ አድናቂ ነኝ ወይስ አጨብጫቢ? እሱ ራሱ አይደል ያስተማረኝ፣ የተበላሸውን ተበላሸ ማለት።

ሂያጆቹ ደግሞ ለይቶላቸዋል። ያቺ ሹክሹክታ አዲስ ግጥም ናት ብለዋል። ባለፋርማሲው «ግራ እጅ የማንሠራበት እጅ ነው፤ ሥራ የፈታውን ነፍሳችንን አንሱ ማለት ነው» ብሎ ግማሽ ምሽት አብራራልን። ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው አዳመጡት። ቲሸርትም አሳትመዋል፣ የተነሳ እጅ ያለበት። አታሚው ተሳስቶ ቀኝ እጅ ስሎባቸው ጉድ ሆነዋል፤ ቢሆንም ይለብሱታል። እርስ በርስ ሲገናኙም ግራ እጃቸውን እያነሱ ነው ሰላም የሚባባሉት። እኔ በፕሮግራሜ ላይ አሹፌባቸው ጉድ ተሳቀ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው እሁድ ደወልኩ። ጋሼ አነሳ። ልክ ድምፄን ሲሰማ «ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና ነው?» አለኝና ስልኩን ለአንቺ አቀበለሽ። አንቱ አለኝ እኮ፣ እትዬ። ያሳደገኝ፣ ጫማዬን ያሰረልኝ ሰው አንቱ አለኝ። ተቀይሞኝ መሆኑ ገብቶኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እንደዚህ በአክብሮት ገፍትሮኝ አያውቅም።

ለማንኛውም አዳራሹ ተገኝቷል። የካቲት መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። ፊት ለፊት ተያይተን እንታረቃለን። ደስታችሁ ከቤታችሁ አይራቅ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 30 ቀን

ለውድ ዋርሳዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታህን እጠይቃለሁ፤ የሆቴሉ መጋረጃ አላለቀም ነበር። ካሴቱ ደርሷል። ተባረክ።

ያ ወደ እናንተ የሚመጡበት ጉዞ እንዲቀር አድርግልኝ። አዳራሹን ለሌላ ሰው ስጡት። ወንድምህ ወገቡን አሞታል፤ ያን ያህል ሰዓት አውሮፕላን ላይ መቀመጥ አይችልም። እሱ ግን ራሱ ይህን አይልህም፤ መሄድ ነው የሚፈልገው። ሻንጣውን አውጥቶ አልጋው ሥር አስቀምጦታል። ስለዚህ ነገሩ ከናንተ በኩል የቀረ ይምሰል። መብራት የለም በሉ፣ ፈቃድ ተከለከልን በሉ፣ ያመጣላችሁን በሉ።

ስለ ስልኩ፣ አልተቀየመህም። ይህን እመነኝ።

በቤታችን ስታድግ አንድም ቀን ለምኜህ አላውቅም፤ አዝሃለሁ እንጂ። አሁን ግን እየለመንኩህ ነው። ፈጣሪ ልብህን ያራራልኝ።

እህትህ


ጥር 13 ቀን

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት፤ ወገቡን አሞታል የሚለው ውሃ አላነሳልኝም። ባለፈው ወር ኦርጋኑን ብቻውን ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ገፋው ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ፣ ለገና በላክሽልኝ ካርድ ላይ። ሰው በየከተማው ቲኬት ይዟል። እኔ ተመላሾችን ሰብስቤ «ጋሼ እዚህ መጥቶ እጁን ያነሳል፤ ታዩታላችሁ» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬአለሁ። አሁን መብራት የለም ልበል? ባለፋርማሲው በኔ ላይ ሲስቅ ይታየኛል። ከተቀየመኝ ተቀየምኩህ ይበለኝ፤ አንቺን መሀል አስገብቶ…

እትዬ፣ ከላይ ያለውን ከጻፍኩ አንድ ቀን አልፏል። ወረቀቱን ቀድጄ እንደ አዲስ ልጀምር ብዬ ነበር፤ ይቅር፣ የጻፍኩትን እይው።

ዛሬ የአሳንሰሩ ሞተር ክፍል ውስጥ ዕቃ እስኪመጣልኝ ቁጭ ብዬ ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ለሚቀጥለው ፕሮግራም ጥፋታቸውን አንድ በአንድ ልለቅም ነበር። ያቺ ሴት ስትመጣ ወደ ኋላ መልሼ ደገምኩት። ከንፈሯን ገጥማ ነው የምትናገረው፣ አፏ ውስጥ አንድ ነገር እንዳይወድቅባት የምትጠነቀቅ ዓይነት።

የትምህርት ቤት ኮት ስትለኪኝ ትዝ ይልሻል? ስፒሎቹን በከንፈርሽ ይዘሽ «ግራ እጅህ… ግራ እጅህን አንሳ» ትይኝ ነበር። ካላነሳሁ በሜትሩ ጫፍ ክንዴን ቸብ ታደርጊኝ ነበር።

አንቺ ነሽ፣ እትዬ። እዚያ ምን ትሠሪ ነበር? ለሱ ለምን ይነገረዋል? እጁን ማንሳት የፈለሰፈው እሱ አይደለም እንዴ?

እውነቱን ንገሪኝ። እኔ የሬዲዮ ሰው ሆኜ አይደለም የምጠይቅሽ።

ያሳደግሽው ልጅ


ጥር 29 ቀን

ለልጄም ለወንድሜም፣

አንተን የሰጠኝ አምላክ ይመስገን። ካወቅከው ልንገርህ፤ ሆዴ ውስጥ ብቻዬን ይዤው ሰለቸኝ።

ወንድምህ እየረሳ ነው። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሮኛል፤ ስሙ አይጠቅምህም። መጀመሪያ ቁልፍ ነበር፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የገዛ መንገዳችን። ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይቸግረዋል። ስልክ ላይ አንቱ ያለህ ተቀይሞ አይደለም። ማን እንደሆንክ አላወቀም፤ አለማወቁ እንዳይታይበት ደግሞ ሁሉንም ያከብራል። ሰፈሩ ሁሉ «ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ሆኑ» ይለኛል። እኔ እሺ እላለሁ።

ኦርጋኑ ላይ ሲቀመጥ ጣቶቹ ሁሉንም ያውቃሉ። መጀመር አልጠፋውም፤ መጨረስ ነው የጠፋው። እጁን መቼ እንደሚያነሳ አያውቅም። ቤት ስንለማመድ አጠገቡ ቆሜ ስነግረው ያነሳል። ካሴቱንም ከኮንሰርቱ በኋላ የፈለግኩት ለዚያ ነበር፤ መመለሻው ላይ ሲደርስ ክንዱን ነካ አደርገዋለሁ። ለኮንሰርቱ የባንዱን ጃኬት የሰፋሁት እኔ ስለነበርኩ ከኦርጋኑ ኋላ ስቆም ማንም አልጠየቀኝም። የጃኬት ቁልፍ ልተክል የመጣሁ እመስል ዘንድ ስፒል እንኳ ይዤ ነበር። ነገርኩት፣ ደገምኩለት፣ ዞር ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። እጁን አላነሳም። ለካ ድሮ ሲጫወት የሚያጉረመርምባት አሮጌ ማይክ ክፍት ኖራለች። ድምፄ አገር ሲያዳርስ እኔ የሰማሁት ካንተ ነው።

የሚያውቀው ዱብዳ ብቻ ነው። ሌሎቹ ግትር ሆነ ብለው ይበሳጩበታል። እኔ ሁለቱንም ጠላሁ፤ አንተ ስትሰድበው አንጀቴ ያራል፣ ያ ፋርማሲስታችሁ ሲያደንቀው ደግሞ ያንኑ ድገምልን እንዳይሉት እፈራለሁ። እሱ ራሱ አንድ ቀን፣ ጠዋት ነበር፣ ወተቱን እያማሰለ «አታሳፍሩኝ እንጂ ልጫወት» አለኝ። ያችን ቃል ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

ጉዞው ይቅር ያልኩህ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሃል። የመግቢያ ፈቃድ የወጣው ለተጫዋቾቹ ብቻ ነው፤ እኔን ከለከሉኝ። ጉዞው ይቅርብህ ብዬው ነበር እሱንም። ጃኬቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ፤ ደጋግሞ «መኪናው አልመጣም?» ይላል። ማስቀረት አልቻልኩም።

ስለዚህ እኔ በቆምኩበት ቁም። ለማንም አትንገር፣ በተለይ ለሬዲዮህ። የጃኬቱን ግራ እጅጌ ሰፋ አድርጌዋለሁ፣ እንዳይዘው። የቀረው ያንተ ነው።

እህትህ


የካቲት 30 ቀን

ለእናቴም ለእህቴም፣

ሰላምና ዕረፍት ይስጥሽ። ሁሉንም እንደሆነው እጽፍልሻለሁ፤ እንዳትሰጊ ግን ጋሼ ደህና ነው፣ አሁን አጠገቤ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ጃኬቱን አላወለቀም።

ከመምጣታቸው በፊት ባለው ሳምንት ፕሮግራሜ ላይ ወጥቼ «ስለ ግራ እጅ ተሳስቻለሁ፤ ሂያጅም ተመላሽም ሁላችንም ‘ረጅሙ’ ሲረዝም ግራ እጃችንን እናንሳ» አልኩ። ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም። ባለፋርማሲው አሸነፍኩ ብሎ ያንን ቲሸርት አምጥቶ በሰው ፊት አለበሰኝ። ተመላሾቹ ከዳተኛ ብለውኛል፤ አንዱ ሰላምታም ነስቶኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ሐሳቤ ምናልባት እኔን ባይሰማ እነሱን ያያል የሚል ነበር።

ጋሼን አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ አቀፍኩት። «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ፤ መጪው እሱ ሆኖ ሳለ። ዱብዳ ፊቱን አዞረ።

ገመድ ተሸካሚ ነኝ ብዬ ከኦርጋኑ ኋላ ተንበረከክሁ። ማይኳን በገዛ እጄ ነቅያት ነበር። ዘፈኖቹ አለፉ፤ እንደ ወትሮው ናቸው። «ረጅሙ» ተጀመረ። ሄዱ። ራቁ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እንደዚህ አምሮባቸው ርቀው አያውቁም። ሳክስፎኑ ወደ ጋሼ ዞሮ መጠበቅ ጀመረ። «ግራ እጅህን አንሳ» አልኩት። አልሰማኝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ወደ ታች አየኝና ለአንቺ ፈገግ እንዳለው ለእኔም ፈገግ አለ፤ አንድ ትሁት ሰው መንገድ ላይ ለማያውቀው እንደሚያደርገው። ክንዱን ልነካው እጄን ዘረጋሁ፣ አልደረሰልኝም፤ ድምፅ ማጉያው መሀላችን ነበር። ዱብዳ ላብ በላብ ሆኖ ሊያቆመው ዱላዎቹን ከፍ አደረገ።

ያኔ ሰዎቹ እጃቸውን አነሱ። መጀመሪያ ቲሸርት የለበሱት፣ ቀጥሎ የቀሩት፣ እኔን ሰላምታ የነሳኝም ጭምር። አዳራሹ ሙሉ ግራ እጅ ሆነ። ጋሼ ቀና ብሎ አያቸው። ረጅም ጊዜ አየ። ደስ አለው፣ እትዬ፣ ፊቱ ሁሉ በራ። ከዚያ ግራ እጁን ከኦርጋኑ ላይ አነሳና ከፍ አድርጎ ሰላም አላቸው።

ሰላም ነው ያላቸው። ምልክት አልነበረም። አጠገቡ ስለነበርኩ ጣቶቹን ሲያወዛውዝ አይቻለሁ። ባንዱ ግን ሲጠብቅ የኖረው ያችን እጅ ነበርና፣ ስትወርድ አምስቱም ዜማው ላይ አረፉ። ጋሼም ከነሱ ጋር፣ ጣቱ መቼ ረስቶት። ሰው አበደ። ባለፋርማሲውን ወንበር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት፤ ወደ ቤት መመለስ ግዴታ አይደለም ያለውን ሰውዬ።

ውጭ ሲወጡ ደግሞ እንደገና ተጣሉ። ዘገየ የሚሉ አሉ፤ እንዲያውም ቸኮለ የሚሉ አሉ። እኔን «አንተ ከጎኑ ነበርክ፣ ፍረድ» አሉኝ። ገመድ ስጠቀልል አላየሁም አልኩ።

መልበሻው ክፍል ውስጥ ጋሼ ውሃ ጠጣና «እነዚህ ሰዎች ያውቁኛል እንዴ? በጣም ሰላምተኞች ናቸው» አለኝ። ቀጥሎ «እርስዎስ የማን ልጅ ነዎት?» አለኝ። የእናትህ ልጅ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያሳፍረዋል ብዬ ተውኩት። «ገመድ ተሸካሚው ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያው ቶሎ ይጠቅልሉልኝ» አለ፤ «ባለቤቴ ቤት ትጠብቀኛለች፤ ካመሸሁ ትሰጋለች።»

ጠቀለልኩ፣ እትዬ። ገመዱን እንዳስተማረኝ በክርኔ ላይ እያዞርኩ ጠቀለልኩ፤ እሱም ቆሞ እያየ «ጎበዝ» አለኝ። ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ከዱብዳ ጋር ረቡዕ ይሳፈራሉ፤ ይህ ደብዳቤ ቀደም ብሎ በሚሄድ ሰው እጅ ይደርስሻል። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር መጀመሪያ ዱብዳ ይወጣል። ጋሼ ከኋላው ሻንጣ እየገፋ ይመጣል። ደክሞት ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላም ነው የሚደርሱት። ገና ከሩቅ ሳለ ግራ እጅሽን ከፍ አድርጊለት። ባያውቅሽ እንኳ ሰላም ይልሻል።

ወንድምሽ፣ ገመድ ተሸካሚው